ልብስ ሱቅ ፓርት ታይም ልትጀምሩ ነው? ከመጀመሪያው ሺፍት እስከ ደመወዝ ቀን

«ሰኞ ልብስ ሱቅ ሥራ ልጀምር ነው። ምን ማወቅ አለብኝ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሌላ ሥራ ይዘው በሳምንት ጥቂት ሰዓት መጨመር የሚፈልጉም አሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚፈሩት ደንበኛ ማናገርን ነው።

እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። የልብስ ሱቅ ሥራ አብዛኛው ልብስን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ደንበኛ ያነሳል፣ ይለካል፣ ይተዋል። እናንተ ትመልሳላችሁ። የት ምን እንዳለ የሚያውቅ ሠራተኛ ጥያቄ ሲመጣበት አይደነግጥም። ፓርት ታይም ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ሦስት አራት ቀን ቀርቶ ሲመለስ ዕቃው ቦታ ቀይሯል፣ ዋጋውም ተለውጧል። ስለዚህ መመሪያውን የጻፍኩት ይህን ክፍተት እንዲሞላላችሁ አድርጌ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተላመደ ጫማ። ሶሉ ወፈር ያለና የማያንሸራትት ይሁን። አዲስ ጫማ ከሆነ ከመጀመሪያው ሺፍት በፊት ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ አድርጉት። በአንድ ሺፍት ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ጠንካራ ወለል ላይ ትቆማላችሁና እግራችሁ ከታመመ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።
- ኪስ ውስጥ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ እጽፋለሁ አትበሉ። ብዙ ሱቅ በሥራ ሰዓት ስልክ አይፈቅድም። ቢፈቅድም ደንበኛ ሲያያችሁ የምትጫወቱ ይመስለዋል።
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ባለ 150 ሴንቲ ሜትር።
- የኤ4 ወረቀት መጠን ያለው ጠንካራ ካርቶን፣ ማለትም 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ማጠፊያ ነው። ሱቁ የራሱ ማጠፊያ ካለው አያስፈልጋችሁም።
- ቁስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር። ካርቶንና ወረቀት ጣት ይቆርጣል። አንዲት የደም ጠብታ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ ከሽያጭ ታስወጣለች።
- ውሃና የሚበላ ነገር።
- ትንሽ ቦርሳ። በብዙ ሱቅ ሠራተኛ ሲወጣ ቦርሳው ይታያል። ትንሽ ከሆነ ቶሎ ያልቃል።

አለባበስን በተመለከተ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ ጥቁር ብቻ ይላል፣ አንዳንዱ የራሱን ልብስ ያስለብሳል። ከዚያው ሱቅ የገዛችሁትን ለብሳችሁ ከመጣችሁ ደረሰኙ እጃችሁ ላይ ይኑር።

1. የምትችሉበትን ሰዓት በጽሑፍ ስጡ

ሲቀጥሯችሁ «መቼ መቼ ትችላላችሁ?» ይሏችኋል። ሥራውን ለማግኘት ብላችሁ «ሁሌም እችላለሁ» አትበሉ። ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው በቃላችሁ ላይ ተመሥርቶ ሌሎችን ይመድባል። በኋላ ስትቀሩ ሥራው የሚወድቀው ባልደረባችሁ ላይ ነው።

በወረቀት ወይም በመልእክት እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉ፦ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ቢበዛ ስንት ሰዓት። የመንገዱን ጊዜ አስቡበት። ክፍል በአሥር ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ አሥር ሰዓት ላይ ሱቅ መድረስ አትችሉም። የፈተና ቀናችሁን እንዳወቃችሁ ወዲያው ተናገሩ። ፕሮግራሙ ከወጣ በኋላ ከሆነ እናንተም ትቸገራላችሁ፣ አለቃውም ይቸገራል።

ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ፎቶ አንሱት። ማታ ዘግታችሁ በማግስቱ ጠዋት የምትከፍቱበት ቀን ካለ አስቀድማችሁ እዩት፤ እንቅልፍ የሚያሳጣው እሱ ነው። ከባልደረባ ጋር ሺፍት ስትቀያየሩ በጽሑፍ ይሁን፣ አለቃውም ይወቅ። በቃል ብቻ ከተነጋገራችሁና ሰውየው ከረሳ፣ ቀሪ ተብሎ የሚመዘገበው የእናንተ ስም ነው።

2. በየሺፍቱ መጀመሪያ ሱቁን ዙሩ

የመጀመሪያው ቀን ደብተራችሁ ላይ የሱቁን ካርታ ሣሉ። ሣጥን ሣጥን አድርጋችሁ፦ የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃናት፣ ጫማ፣ መለኪያ ክፍል፣ ካሽ፣ ስቶር። የአደጋ ጊዜ መውጫውንና የእሳት ማጥፊያውንም ምልክት አድርጉ። ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም። እጃችሁ ሲሥለው ጭንቅላታችሁ ይይዘዋል።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሺፍት መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ዙሩ። በየቀኑ የሚመጣ ሠራተኛ ለውጡን ቀስ በቀስ ያየዋል። እናንተ ግን በአንዴ ነው የምታገኙት። አንዴ አራት ቀን አርፌ መጣሁና አንዲትን ደንበኛ «ኮት ከኋላ በግራ በኩል ነው» ብዬ ላክኋት። ኮቱ ከሁለት ቀን በፊት ወደ ፊት ተዛውሮ ነበር። ሴትየዋ ዞራ ዞራ ሳታገኝ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልዞር ሥራ ጀምሬ አላውቅም።

ስትዞሩ ለተረኛው አለቃ ወይም ቀድሞ ለገባ ባልደረባ እነዚህን ጠይቁና ጻፉ፦

- ምን ቦታ ቀየረ?
- ምን አዲስ ገባ? ምንስ አለቀ?
- ቅናሽ ያለው የቱ ነው? እስከ መቼ?
- ዛሬ ለመመለስና ለመቀየር ጥያቄ የሚፈቅደው ማን ነው?

አራተኛውን አትርሱ። የተናደደ ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ «አለቃችሁ ማን ነው?» ሲል ስም መፈለግ አይመችም።

3. መስቀልና ማጠፍን ልመዱ

ጊዜያችሁን የሚበላው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ማጠፍ የሚችል ሠራተኛ እጁ እየሠራ ዓይኑ ደንበኛ ላይ መሆን ይችላል። የማይችል ግን አንገቱን ደፍቶ ይውላል።

ቲሸርት በካርቶን ለማጠፍ፦

1. ቲሸርቱን ደረቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉት። በእጃችሁ ጠርጉት። አሁን ያልተስተካከለ መጨማደድ ከታጠፈ በኋላ አይስተካከልም።
2. ካርቶኑን መሃል ላይ፣ የላይኛው ጫፉ ከኮሌታው ሥር እንዲሆን አስቀምጡ።
3. አንዱን ጎን ከነእጅጌው ካርቶኑ ላይ እጠፉ። እጅጌው ረጅም ከሆነ በጎኑ ጠርዝ ልክ ወደ ታች መልሱት።
4. ሌላውን ጎን እንዲሁ አድርጉ።
5. የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ እስከ ኮሌታው እጠፉ።
6. ካርቶኑን በኮሌታው በኩል ስባችሁ አውጡ። ቲሸርቱን ገልብጡት።

ካርቶኑ የሚጠቅመው ሁሉም አንድ ስፋት እንዲኖራቸው ነው። ስፋቱ ከተለያየ ክምሩ ያዘነብላል፤ ደንበኛ አንዱን ሲስብ ሌላው ይናዳል። መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጡ ድርብ የሆነው እጥፋት ወደ ደንበኛው፣ የጨርቁ ጫፍ ወደ ግድግዳው ይሁን። ክምሩን ከስምንት እስከ አሥር ቲሸርት በላይ አታድርጉት። ከዚያ ካለፈ የታችኛውን ለማውጣት ሁሉንም ማንሳት ያስፈልጋል፣ ሰውም ስለማይፈልግ ይጎትተዋል።

የሳይዝ ቅደም ተከተል እንደ ሱቁ ነው። በብዛት የሚሠራበት ትንሹ ከላይ፣ ትልቁ ከታች ነው። መስቀያ ላይ ደግሞ ትንሹ ከፊት ወይም ከግራ ይጀምራል። ሱቁ የመረጠውን ሳትቀይሩ ተከተሉ። ሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ካደረገ ላርጅ ለማግኘት ክምሩን መበተን አያስፈልግም፤ እጃችሁ ቀጥታ ወደ ታች ይሄዳል።

መስቀያን በተመለከተ ሦስት ነገር ያዙ፦

- መስቀያውን በአንገቱ ቀዳዳ አታስገቡ። ከታች በኩል አስገብታችሁ ወደ ላይ አውጡት። በአንገት ከገባ ቲሸርቱ አንገቱ ይለጠጣል፣ አይመለስምም።
- ሁሉም መንጠቆ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። አንዱ ከተገላበጠ አሥሩን በአንድ ጊዜ ማንሳት አትችሉም፤ ይጠላለፋል።
- ሹራብ አይሰቀልም፣ ይታጠፋል። የራሱ ክብደት ወደ ታች ይስበዋል። ትከሻው ላይም የመስቀያው ጉብታ ይቀራል።

የሸሚዝ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፉ፣ የጃኬት ዚፕ ዝጉ። ክፍት ልብስ ከመስቀያው ይንሸራተታል። ወለል ላይ የተገኘ ልብስ ደግሞ ቆሻሻ ነካው ማለት ነው።

ተዝረክርኮ ያገኛችሁትን ጠረጴዛ ሁሉ በአንዴ ለማስተካከል አትሞክሩ። መጀመሪያ ከመግቢያው የሚታየውን አድርጉ። እሱ ከተስተካከለ ሌላውን በመሃል በመሃል ትጨርሱታላችሁ።

4. ሳይዝና ጨርቅ ማንበብ

ጂንስ ላይ 32/34 ቢል የመጀመሪያው ወገብ ነው፤ ሁለተኛው ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የውስጥ ርዝመት ነው። ሁለቱም በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 32 ማለት 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሴት ልብስ ላይ የአውሮፓ 38 በብዛት ከእንግሊዝ 10 እና ከአሜሪካ 6 ጋር ይገጥማል። የወንድ ሱፍ ላይ ደግሞ የአውሮፓውን ቁጥር ለማግኘት በእንግሊዝና በአሜሪካ ቁጥር ላይ 10 ጨምሩ፤ 40 የነበረው 50 ይሆናል። ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው፣ ከአምራች አምራች ይለያያል። የእናንተ ሱቅ ልብስ ጠበብ ያለ ወይም ሰፋ ያለ መሆኑን የሚያውቁት መለኪያ ክፍል የሚሠሩት ባልደረቦቻችሁ ናቸው። እነሱን ጠይቁ።

ልብሱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ማንበብም ተማሩ። ደንበኛ «ማሽን ይገባል?» ይላል።

- ውሃ ያለበት ገንዳ፦ መታጠብ ይችላል። ውስጡ ያለው ቁጥር ከፍተኛው የውሃ ሙቀት ነው። እጅ ከተሣለበት በእጅ ብቻ።
- ሦስት ማዕዘን፦ በረኪናን የሚመለከት።
- ካሬ ውስጥ ክብ፦ የማድረቂያ ማሽን።
- ካውያ፦ አንድ ነጥብ ዝቅተኛ፣ ሁለት ነጥብ መካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ሙቀት።
- ክብ ብቻውን፦ ላውንደሪ ቤት የሚሠራ በኬሚካል ማጠብ።
- ኤክስ የተደረገበት ሁሉ፦ አይደረግም።

በግምት አትመልሱ። በሙቅ ውሃ የገባ የሱፍ ሹራብ ተሰብስቦ ሕፃን የማይለብሰው ይሆናል። ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ «ይችላል» ወዳለው ሰው ነው።

5. ደንበኛ ማናገር

እዚህ ድረስ ያለውን ከያዛችሁ ይህኛው እንደፈራችሁት አይደለም።

ሰው ሲገባ ሰላም በሉ፣ ከዚያ ሥራችሁን ቀጥሉ። በሩ ሥር ቆማችሁ አትጠብቁ። የሚጠብቀው ሰው ሲያይ ብዙ ደንበኛ ይሸማቀቃል። ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ልብስ አንስቶ ሳይዙን ሲፈልግ፣ ወይም ዞር ዞር ብሎ ሰው ሲያይ ቅረቡ።

«ምን ልርዳዎት?» ካላችሁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ዝም ብዬ እያየሁ ነው» ይሆናል፣ ንግግሩም እዚያው ያልቃል። በእጁ ስላለው ነገር ተናገሩ። «ይሄ በሰማያዊም አለ» ወይም «ለሥራ ነው ወይስ ለዝግጅት?» በሉ። መልስ የሚሰጠው ነገር ያገኛል።

የሰውን ሳይዝ በዓይን ገምታችሁ ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። ብታበዙም ብታሳንሱም ያስከፋል። «ብዙ ጊዜ የሚለብሱት ስንት ቁጥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገራችሁንና ከጎኑ ያለውን ሁለቱንም አምጡ። መለኪያ ክፍል ውስጥ ልብሱን አውልቆ የቆመ ሰው ለሌላ ሳይዝ መውጣት ስለማይፈልግ ትቶት ይሄዳል። ሁለተኛው ሳይዝ እጁ ላይ ካለ ግን ይለካዋል።

«እንዴት ነው?» ሲሏችሁ እውነቱን በትህትና ተናገሩ። «ትከሻው ላይ ትንሽ ያዘዎት፣ አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው» ማለት ይበቃል። የማያምርበትን አምሮብሃል ብላችሁ ብትሸጡ ነገ ይመልሰዋል፣ ከዚያም በላይ ሁለተኛ አያምናችሁም።

የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም» ብላችሁ ዞር አትበሉ። «አንድ ደቂቃ፣ ልጠይቅልዎት» በሉና በእርግጥ ተመለሱ። ዕቃው ባይገኝም ተመለሱ። ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደንበኛ ከተሳደበ ወይም ለጸብ ከቀረባችሁ አትከራከሩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉና አለቃ ጥሩ። ይህ የእናንተ ድክመት አይደለም፤ አለቃ የተቀመጠው ለዚህም ነው።

6. መለኪያ ክፍል

አዲስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ እዚህ ይመደባል። ሥራው ቀላል ይመስላል፣ ግን ሱቁን ከፍ የሚያደርገውም የሚጥለውም እዚህ ነው።

1. የሚገባውን ልብስ ከደንበኛው ጋር ሆናችሁ ቁጠሩ። መስቀያ ሥር መስቀያ፣ ሱሪ ውስጥ ሱሪ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን የያዘውን ካርድ ስጡት።
2. ክፍሉን ቀድማችሁ እዩት። ከፊት የነበረው ሰው የተወው ልብስ ካለ አውጡ። ካልወጣ ቆጠራው ይደበላለቃል።
3. መጋረጃ ወይም በር አትክፈቱ። ከውጭ ሆናችሁ ተናገሩ። ሌላ ሳይዝ ስታመጡ በመጋረጃው ጠርዝ በእጅ አቀብሉ።
4. ሲወጣ እንደገና ቁጠሩ።
5. የቀረውን ልብስ እዚያው አስተካክሉ። ቁልፉን ቆልፉ፣ ወደ ውጭ የተገለበጠውን መልሱ፣ ዋጋው መኖሩን እዩ። ኮሌታው ላይ ሊፒስቲክ ወይም ፋውንዴሽን ካለ ለይታችሁ ለአለቃ አሳዩ።
6. ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ቦታው መልሱ።

ስድስተኛው ለምን እንደሚያስቸኩል ልንገራችሁ። ደንበኛ ሚዲየም ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ «አንድ አለ» ይላል። መደርደሪያው ላይ የለም፣ ስቶርም የለም። ያ አንድ ሚዲየም መለኪያ ክፍል ጥግ ላይ ከሠላሳ ልብስ ጋር ተከምሮ ተቀምጧል። ደንበኛው ይሄዳል። ሱቁ ልብሱ እያለው አልሸጠውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ቢጎድል ደንበኛን «ሰርቀሃል» አትበሉ። ቦርሳ አትፈትሹ፣ አትያዙ፣ ተከትላችሁ አትሩጡ። «አንዱን ውስጥ ረስተውት ይሆን? ልይልዎት» ብላችሁ ክፍሉን እዩ። ካልተገኘ ለአለቃ ወይም ለጥበቃ ተናገሩ። ስህተት ከሆነ ንጹሕ ሰው አዋርዳችኋል። እውነት ከሆነ ደግሞ ልትጎዱ ትችላላችሁ። ልብስ ይተካል።

7. ካሽ ላይ

ካሽ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት መሳቢያው ውስጥ ያለውን መነሻ ገንዘብ ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ፈርሙ። ካልቆጠራችሁ ከእናንተ በፊት የጎደለው በእናንተ ስም ይጻፋል። በራሳችሁ የይለፍ ቁጥር ብቻ ሥሩ። ለማንም አትስጡ፣ የማንንም አትጠቀሙ።

የሽያጩ ቅደም ተከተል፦

1. እያንዳንዱን ልብስ ስካን አድርጉ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም ከልብሱ ጋር መግጠሙን እዩ። የዋጋ ወረቀት ተቀያይሮ ሊለጠፍ ይችላል።
2. የስርቆት መከላከያውን ፕላስቲክ አውልቁ። አንድ ልብስ ሁለት ሊኖረው ስለሚችል ልብሱን በእጃችሁ ዳስሱት።
3. ድምሩን ጮክ ብላችሁ ንገሩ።
4. ጥሬ ገንዘብ ከሆነ የተቀበላችሁትን ተናገሩ፦ «አንድ ሺህ ተቀብያለሁ»። ኖቱን ወደ መሳቢያው አታስገቡ፤ መልስ እስክትሰጡ ላዩ ላይ ይቆይ። «የሰጠሁት ሌላ ነበር» የሚል ክርክር ቢነሳ ኖቱ ራሱ ይመልሳል።
5. መልሱን ወደ ላይ እየቆጠራችሁ ስጡ። ሒሳቡ 640 ሆኖ 1,000 ከሰጠ፦ 10 ስትሰጡ 650፣ 50 ስትጨምሩ 700፣ 300 ስትጨምሩ 1,000።
6. መሳቢያውን ዝጉ። ደረሰኝ ስጡ። ልብሱን አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ።

መልስ እየሰጣችሁ ሳለ «ቆይ፣ ይሄን ዘርዝሪልኝ፣ አይ ያንን መልሺልኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አቁሙ። በእጃችሁ ያለውን መሳቢያው ውስጥ መልሱ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ይህ የታወቀ የማምታቻ ዘዴ ነው። የሚሠራው እናንተ ስትቸኩሉ ብቻ ነው።

ቅናሽ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 20 በመቶ ቅናሽ ያለው ልብስ ላይ ተጨማሪ 10 በመቶ ቢደረግ 30 በመቶ አይሆንም። 1,000 የነበረው 800 ይሆናል። 10 በመቶው የሚሰላው ከ800 ስለሆነ 720 ይሆናል። ጠቅላላው 28 በመቶ ነው። ለደንበኛ ቀድማችሁ 700 ብትሉ ካሽ ላይ ጸብ ይነሳል።

ሰው ልብስ ሊመልስ ሲመጣ ደረሰኙን፣ ቀኑን፣ ታጉን (የዋጋ ወረቀቱን)፣ የልብሱን ብብትና ኮሌታ እዩ። ከደንቡ ውጭ ከሆነ እናንተ አትወስኑ፤ አለቃ ይወስን።

8. ዕቃ ሲገባና ካውያ ስትይዙ

ካርቶን ስትከፍቱ የከተሩን ምላጭ በጥቂቱ ብቻ አውጡ። ካርቶኑ የታሸገበትን ፕላስተር ብቻ ቁረጡ፣ ከሰውነታችሁ ራቅ አድርጋችሁ። ምላጩ ጠልቆ ከገባ ከላይ ያሉት ልብሶች ይቀደዳሉ። እኔ አንድ ጠዋት አራት አዲስ ሸሚዝ በአንድ ቅጽበት አበላሽቼ አይቻለሁ፤ ሁሉም እኩል መስመር ነበራቸው። ከዚያ ቁጠሩና ከመጣው ወረቀት ጋር አመሳክሩ። የጎደለ ካለ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ይነገር።

ከባድ ካርቶን በወገብ አታንሱ። ጉልበታችሁን አጥፉ፣ ካርቶኑን ወደ ደረታችሁ አስጠጉ፣ በእግራችሁ ተነሡ። መደርደሪያ ላይ አትውጡ፤ መሰላል ፈልጉ።

የእንፋሎት ካውያ በደንብ እስኪሞቅ ጠብቁ። ሳይሞቅ ከጀመራችሁ ውሃ ይተፋል፣ ሐር ላይ ምልክቱ ይቀራል። ቆዳ ላይ እንፋሎት አታድርጉ። እንፋሎቱ የፈላ ውሃ ያህል ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሌላኛው እጃችሁ ከጨርቁ ጀርባ አይሁን። ሰው የለበሰውን ልብስ ደግሞ በጭራሽ። ከጨረሳችሁ በኋላ እርጥበቱ ሳይደርቅ ጠባብ ቦታ ውስጥ አትጨምቁት፣ መልሶ ይጨማደዳል።

9. መዝጊያ

ከመዝጊያው አንድ ሰዓት በፊት ከኋላ ጀምራችሁ ወደ ፊት እያስተካከላችሁ ኑ። የኋላው ቶሎ ስለሚረጋጋ አይበላሽባችሁም። መለኪያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አንኳኩ፤ ሰው ተረስቶ ሊቆለፍበት ይችላል። ካውያው ከሶኬት መነቀሉን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። መሳቢያውን ሁለት ሰው ሆናችሁ ቁጠሩ። ልዩነት ካለ፣ ትርፍም ቢሆን፣ እንዳለ ጻፉት። ከኪስ ጨምሮ ማሟላት ችግሩን ይደብቀዋል፣ በኋላም እናንተን ያስጠይቃል።

10. ሰዓታችሁን ራሳችሁ መዝግቡ

ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየሺፍቱ ጻፉ፦ ቀን፣ የገባችሁበት ሰዓት፣ የወጣችሁበት፣ የእረፍት ደቂቃ። ከዘጋችሁ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ስታስተካክሉ ከቆያችሁ እሱንም። የፓርት ታይም ሰዓት በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የሚሳሳተውም በቀላሉ ነው። ደመወዝ ስትቀበሉ ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩ። ልዩነት ካለ በዚያው ሳምንት፣ በእርጋታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። «የ12ኛው ቀን ሺፍት አልገባም» ስትሉ ሰው ይፈትሻል። «ገንዘቤ አነሰ» ስትሉ ግን የሚፈተሽ ነገር የለም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የስርቆት መከላከያ ፕላስቲኩን ሳያወልቁ መሸጥ። ደንበኛው ቤቱ ሄዶ ሲያይ ልብሱን መልበስ አይችልም፣ ተናዶ ይመለሳል። በሩ ላይ አላርም ከጮኸም የሚያፍረው እሱ ነው። ይቅርታ ጠይቃችሁ ከደረሰኙ ጋር ወዲያው አውልቁ።
- «ነገ ይገባል» ብሎ ቃል መስጠት። ስቶር ኃላፊው ካልነገራችሁ አትበሉ። ደንበኛው ለዚያ ብሎ መንገድ ይመጣል።
- ለራስ ወይም ለጓደኛ ልብስ መደበቅ። ሌላው ሠራተኛ ሲፈልገው አያገኝም። ሱቁ ማስያዝ ከፈቀደ በስም አስይዙ።
- የሠራተኛ ቅናሽን ለጓደኛ መጠቀም። ትንሽ ውለታ ይመስላል። በብዙ ሱቅ ግን ከሥራ የሚያሰናብት ጥፋት ነው፤ ሽያጩም በስማችሁ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቦ ይቀራል።
- ከባልደረባ ጋር ቆሞ ማውራት። ደንበኛ ወሬ ማቋረጥ ስለሚከብደው ሳይጠይቅ ይወጣል። ወሬው ካስፈለገ ሁለታችሁም ልብስ እያጠፋችሁ አውሩ፣ ፊታችሁ ወደ በሩ ይሁን።
- እረፍት መዝለል። በሥራ ብዛት እረፍታቸውን የሚተዉ አዲሶች አሉ። ስድስተኛው ሰዓት ላይ ካሽ የሚሳሳቱት እነሱ ናቸው። ሰዓታችሁ ሲደርስ ተረኛውን አስታውሱት፣ ቁጭ በሉ፣ ጫማችሁንም ፈታ አድርጉት።